ለሽያጭ የቀረበው የእናቴ ማሽን

እናቴ ልብስ ሰፊ ናት። ሰፈሩ ግን «እትዬ ዚግዛግ» ካልሆነ በሌላ ስም አያውቃትም። ስሙን ያወጣላት ሱሪ ሊያሳጥር የመጣ አንድ ቀልደኛ ነው። ወገቧን ስለሚያማት ስትሄድ ወደ ግራ ወደ ቀኝ ታዘነብላለች፤ አያትና «ስፌቷ ቀጥ ያለ፣ እርምጃዋ ዚግዛግ» አለ። በዚያው ጸና። እሷም አልተቀየመችም። «ሰው ለማስታወቂያ ይከፍላል፣ እኔን በነጻ አስተዋወቀኝ» እያለች ትስቅ ነበር።

የምትሠራባት ክፍል ጠባብ መንገድ ዳር፣ ከጫማ ጠጋኝና ከጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ መሀል ያለች፣ ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው በር ላይ ቆሞ የሚጠብቅባት ናት። ማሽኑ መስኮቱ ሥር ነው። ወለሉ ሁልጊዜ የክር ቁርጥራጭ አያጣውም፤ ማታ ቤት ስንገባ ከካልሲዬ ላይ የምለቅመው እሱን ነው። አባቴን አላውቀውም። እኔን አሳድጋ፣ አስተምራ፣ የጥርስ ሐኪም ቤት ካርድ ክፍል እስክቀጠር ያደረሰችኝ በዚያ ማሽን ነው።

እሷን ደግሞ ያሳደጋት ታላቅ ወንድሟ ነው። ወላጆቻቸው ሲሞቱ እሱ ገና ጢሙ ያላቀመቀመ ጎረምሳ ነበር አሉ። ትምህርቱን ትቶ የአውቶቡስ ረዳት ሆነ፣ ኋላ ሹፌር፤ እሷን ግን ከደብተር አላስነሳትም። ማሽኑንም የገዛላት እሱ ነው። እስከ ዛሬ «ወንድም ጋሼ» ነው የምትለው፤ ፊቱ እግሯን አነባብራ አትቀመጥም።

ከቅርብ ጊዜ ወዲህ የእናቴ ዓይን ደከመ። መርፌ ላይ ክር ለማስገባት ጫማ ጠጋኙን መጥራት ጀመረች። የዓይን ሐኪሙ ሥራ እንድትቀንስ መከራት፤ አጎቴ ይህን ሲሰማ ሐኪሙ ያላለውን ጨመረበት።

«በቃ፣ ማሽኑን ሽጪና አርፈሽ ተቀመጪ። ልጅሽ አለች፣ እኔ አለሁ።»

«ተቀምጬ ምን ልሥራ ወንድም ጋሼ? የጣሪያውን ቆርቆሮ ልቁጠር?»

«ስትታወሪ ትቆጥሪዋለሽ።»

በዚህ ነገር በተገናኙ ቁጥር ይነታረኩ ነበር። እኔ ከመልመዴ የተነሳ ጆሮም አልሰጣቸውም።

አንድ ቀን ጠዋት ሥራ ልገባ ስል ደወለችልኝ። «ነይ» ብቻ አለች። ስደርስ በሩ በብረት ተፈልቅቋል። ጠረጴዛው እንደቆመ ነው፤ ማሽኑ የለም። ትልቁ መቀስም የለም። እናቴ ወንበሯ ላይ ተቀምጣ እጆቿን ጠረጴዛው ላይ፣ ማሽኑ በነበረበት ቦታ አሳርፋለች። የሚገርመው የደንበኞች ልብስ አንድም አልተነካም። የሙሽራ ቀሚስ ሳይቀር እንደተሰቀለ ነው።

«ጨዋ ሌባ ነው» አለ ጫማ ጠጋኙ። ማንም አልሳቀለትም።

አጎቴ ብዙም ሳይቆይ ከተፍ አለ። እናቴ እሱን ስታይ ነው እንባዋን የለቀቀችው። ደረቱ ላይ አስጠግቶ አባበላት፣ ከዚያ መዶሻና ምስማር ይዞ በሩን ራሱ ጠገነው። ፖሊስ መጥቶ ቃሏን ተቀበለ። የሱቆቹን ዘበኛም ጠየቀ። ዘበኛው ውትድርናን በዓይኑ አይቶ የማያውቅ፣ ግን የወታደር ካፖርት ስለሚለብስ «ሻምበል» የሚባል ሽማግሌ ነው። ምንም አልሰማሁም አለ። ባለሱቆቹ ተሰበሰቡና «ወይ ተኝቷል፣ ወይ ተባብሯል» ብለው በዚያው ጠዋት አሰናበቱት። እናቴ አፏን አልከፈተችም። አጎቴም እዚያው ቆሞ ነበር።

ከዚያ በኋላ እናቴ ቤት ዋለች። ሌላ ማሽን መግዛት አለብን ብዬ በስልኬ ያገለገሉ ዕቃዎች የሚሸጡበትን ገጽ ማሰስ ጀመርኩ። አንድ እሑድ ከሰዓት፣ እሷ አጠገቤ ድንች እየላጠች፣ እኔ ሶፋውን፣ ምጣዱን፣ የሕፃን አልጋውን እያለፍኩ ሳለ አንድ ጥቁር የልብስ ስፌት ማሽን መጣ። ጣቴ ቆመ።

ሕፃን ሳለሁ እናቴን ልስላት ብዬ የማሽኑን ጎን በምስማር ጭሬው ነበር። የወጣችው እናቴ ሳትሆን ዶሮ ነበረች። ያቺ ዶሮ ፎቶው ላይ አለች። አንድ እግሯ ከሌላው የረዘመ፣ ራሷ ላይ እንደ ጉትያ ሦስት ጭረት ያላት። አጠገቡ ትልቁ መቀስ ተጋድሟል።

«እማ» አልኩ።

ቢላዋውን አስቀምጣ ስልኩን ተቀበለችኝ። መጀመሪያ ወደ ዓይኗ አስጠጋችው፣ ከዚያ አራቀችው። ፊቷ አመድ መሰለ።

«ማሽኔ ነው።»

«ነው።»

«ማን ነው የሚሸጠው?»

ከሥሩ የተጻፈውን አነበብኩላት። «በጥንቃቄ የተያዘ። ባለቤቷ በጤና ምክንያት ሥራ ስላቆመች የሚሸጥ» ይላል።

«ባለቤቷ?» አለች እናቴ። «ባለቤቷማ እኔ ነኝ።» ቀጥሎም ጣቷን ፎቶው ላይ አድርጋ «ይኼ መጋረጃ...» አለችና ተወችው።

ከማሽኑ ኋላ ቢጫ አበባ ያለበት መጋረጃ ይታያል። እኔ «እንዲህ ዓይነት ጨርቅ የትም አለ» ብዬ የሻጩን ስልክ ቁጥር መጻፍ ጀመርኩ። ጽፌ ሳልጨርስ ስሙ ከላይ ብቅ አለ። «የአጎቴ ሚስት» ይላል። ያስቀመጥኩት እኔው ነኝ።

ስልኩን ልደብቀው ፈለግሁ፤ እናቴ ግን ፊቴን አይታ ጨርሳለች። ከዚያ ቀስ ብላ፣ ለራሷ እንደምታወራ ሁሉ፣ «ከሌባው ገዝተውልኝ ይሆናል» አለች። «ሊያስደንቁኝ ብለው ነው።»

«ታዲያ ለምን ይሸጡታል እማ?»

ድንቹን እዚያው ትታ ጫማዋን ፈለገች።

የአጎቴን በር የከፈተችው ሚስቱ ናት። እናቷን ልታስታምም ሌላ ከተማ ከርማ ከተመለሰች ገና ሰሞኑን ነው። እናቴን ስታይ ፊቷ በራ።

«እታለም፣ እግርሽ መልካም ነው። አሁን ልደውልልሽ ነበር። ለማሽንሽ ጥሩ ገዢ አግኝቼልሻለሁ።»

እናቴ የበሩን መቃን ይዛ ቆመች። ማሽኑ ከውስጥ፣ ሳሎኑ ጠረጴዛ ላይ፣ በቢጫው መጋረጃ ሥር ተቀምጧል። ተወልውሎ ያብለጨልጫል።

«ማን ሰጠሽ?» አለች እናቴ።

«ወንድምሽ ነዋ። ዓይኗን ስላመማት ተወችው፣ ሽጠን እንስጣት አለኝ እኮ።» የሴትዮዋ ድምፅ እየቀነሰ ሄደ። «ስለሱ አታንሺባት፣ ይከፋታል ስላለኝ ነው ያልጠራሁሽ። ምነው? አጠፋሁ?»

«ማሽኗ ተሰርቆ ነው» አልኩ እኔ። «በሩ ተሰብሮ። ፖሊስ መጥቶ።»

የአጎቴ ሚስት አንዴ እኔን አንዴ እናቴን አየች። እጇን አፏ ላይ ጫነች፤ ከዚያ ሶፋው ላይ ዘፍ አለች። ሦስታችንም ማሽኑን ከበን ተቀመጥን። የአጎቴ ሚስት ሻይ ልታፈላ ተነሳችና ወጥ ቤት ገብታ ባዶ እጇን ተመለሰች።

አጎቴ ዳቦ ይዞ ገባ። ሲያየን በሩ ላይ ቆመ። መካድ እንኳ አልሞከረም፤ ዳቦውን ወንበር ላይ አስቀመጠና የካፖርቱን ቁልፍ እየፈታ እየቆለፈ «ልነግርሽ ነበር» አለ።

«አንተ ነህ በሩን የሰበርከው?» አለች እናቴ። «አንተ» ስትለው ሰምቼ አላውቅም።

«ለዓይንሽ ብዬ ነው። ብለምንሽ፣ ብቆጣሽ እንቢ አልሽ። ማሽኑ ከሌለ ትተይዋለሽ ብዬ...»

«ደረትህ ላይ አለቀስኩ እኮ።»

አጎቴ አንገቱን ደፋ። «የገዛሁልሽም እኔ፣ የወሰድኩትም እኔ። ክፉ አላሰብኩም።»

«ጉሮሮዬን ዘግተህ ነው ክፉ ያላሰብከው?» ድምፅዋ ከፍ አላለም። «እሺ፣ የኔስ ይሁን። ሻምበልስ? እሱም ዓይኑን አሞት ነው? ያን ሽማግሌ ከፊትህ ሲያባርሩት ምን እያሰብክ ነበር?»

ሚስቱ ቀና ብላ «ዘበኛ አባረሩ?» ብላ ጠየቀችው። ዝም ሲል ፊቷን አዞረችበት። ያን ጊዜ ነው የሱም ፊት የተለወጠው። ያደረገውን ገና ያን ሰዓት ያየው መሰለኝ።

ማሽኑን እሱ ተሸከመው፣ እናቴ መቀሱን ያዘች። ወደ ክፍሏ ግን አልሄድንም፤ ቀድመን ሻምበልን ፍለጋ ወጣን። በሱቆቹ ሰዎች ጥቆማ፣ አንድ የጣውላ መጋዘን ውስጥ ቁርጥራጭ እንጨት ሲደረድር አገኘነው። ካፖርቱን አውልቆ ሸሚዝ ብቻ ለብሷል፤ ያለ ካፖርቱ ትንሽ ሰው ነው።

አጎቴ ማሽኑን መሬት ላይ አኑሮ ነገሩን አንድም ሳይቀንስ ነገረው። መንገዱ ማዶ ካለው ግቢ ጀርባ አውቶቡሱን አቁሞ፣ ዘበኛው ወደ ታችኛው ጥግ ዞር እስኪል ጠብቆ፣ በሩን በጎማ መፍቻ ብረት ፈልቅቆ ማሽኑን እንደወሰደ ሁሉ ተናገረ። ሻምበል እንጨቱን እንደያዘ አዳመጠው።

«በሩን ስትጠግን» አለ በመጨረሻ፣ «ሳንቃውን ደግፌ የያዝኩልህ እኔ ነበርኩ።»

«ነበርክ።»

«ጎንበስ ብዬ ምስማር አቀብልህ ነበር።»

«አዎ።»

ሽማግሌው ራሱን ነቀነቀ። «እኔ እኮ ተኝቼ ይሆን እንዴ ብዬ ራሴን ስጠረጥር ነው የሰነበትኩት። ሚስቴንም እርጅና ጀምሮኛል አልኳት።» እናቴ እጁን ይዛ ይቅርታ ጠየቀችው፤ ዝም በማለቷ። እሷን አቀፋት። አጎቴን ግን አልነካውም፤ ወደ እንጨቱ ተመለሰ።

በማግስቱ አጎቴ ባለሱቆቹ ፊት ቆሞ ያንኑ ደገመው። ከእናቴ ጋር ፖሊስ ጣቢያም ሄዶ ቃሉን ሰጠ። እሷ ክስ አልፈልግም አለች፤ የሻምበል ስም ከጥርጣሬ መውጣቱን ግን አፏን ሞልታ ጠይቃ አረጋገጠች። ባለሱቆቹ እንዲመለስ ሽማግሌ ላኩበት። «በአንድ ጠዋት የጣሉኝን ሰዎች በር አልጠብቅም» ብሎ መለሳቸው። ጣውላው ይሻለኛል አለ፤ እንጨት ሰው አይጠረጥርም።

እናቴ መነጽር አደረገች። መነጽር ቤት ያደረሰቻት የአጎቴ ሚስት ናት። አሁን ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ ትዘጋለች፣ ጥቁር ጨርቅ አትቀበልም። ማስታወቂያው ግን ገጹ ላይ ብዙ ሰነበተ፤ የአጎቴ ሚስት ማጥፋቱን አላወቀችበትም። እኔ አጠፋሁላት። ከማጥፋቴ በፊት እናቴ አንዴ አሳይኝ አለችና አየችው።

«ሌባ ቢሆን እረግመው ነበር፣ ይቀለኝ ነበር» አለችኝ። «ይኼን ምን ብዬ ልጥራው?»

አጎቴ ቅዳሜ ቅዳሜ ይመጣል። ክፍሏ አይገባም፤ ጫማ ጠጋኙ አጠገብ አግዳሚው ላይ ተቀምጦ ይውላል። እሷም ሰላምታውን ትመልሳለች፣ ቀና ሳትል። ባለፈው ዝናብ ጣለ። እሱ ከአግዳሚው አልተነሳም፤ ትከሻው ሲርስ አየችውና ማሽኑን አቆመች።

«ግባ እንጂ ወንድም ጋሼ፣ ትበሰብሳለህ።»

ገባ። ሌላ ወንበር ስላልነበረ የደንበኛ ጨርቅ ካለበት ሣጥን ጫፍ ላይ ተቀመጠ፣ እጁን ብብቱ ውስጥ አድርጎ። ዝናቡ እስኪያባራ እዚያው ቆየ። እሷም ስፌቷን ቀጠለች።