ጥላሸትና ሰባት ቤት

ፊቴን ጥላሸት የተቀባሁት ስምንተኛ ክፍል ሳለሁ፣ በወላጆች ቀን ነው። የትምህርት ቤታችን ድራማ በየዓመቱ ያው ነበር፤ ጎንደር ተወልዶ የነገሥታት ድራማ ያልሠራ ተማሪ ያለ አይመስለኝም። አንዱ ንጉሥ ይሆናል፣ አንዷ እቴጌ ትሆናለች፤ የቀረነው ካባ ተውሰን መኳንንት እንሆናለን። ሰው እንዲስቅ ደግሞ አንድ ባሪያ ይገባበታል። ያን ዓመት ባሪያዋ እኔ ነበርኩ። ቀይ ስለሆንኩ «እንዲሁ ብትገቢ ማን ያምንሻል?» ተባልኩና፣ የድራማ መምህራችን ከድስት ቂጥ የተፋቀ ጥላሸት በቫዝሊን ለውሶ ከግንባሬ እስከ አንገቴ ለቀለቀኝ።

ገና ብቅ ስል አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እንደተነገረኝ ተንገዳገድኩ፣ ትሪውን ጣልኩ፣ በጥፊ ተመትቼ ተንከባለልኩ። እውነቱን ለመናገር ደስ ብሎኝ ነበር፤ ያን ያህል ሰው ሲስቅልኝ የመጀመሪያዬ ነው። አባቴን ከፊት ረድፍ ላይ ፈለግሁት። ወንበሩ ባዶ ነበር።

ቤት ስደርስ ግቢ ውስጥ ውኃ በሳፋ አቅርቦ ይጠብቀኛል። ፊቴን በልብስ ሳሙና ያሸው ጀመር። ቫዝሊን የያዘው ጥላሸት በቀላሉ አይለቅም። ዓይኔን አቃጠለኝ፣ ጮህኩ፣ አልተወኝም። በየመሃሉ የግቢውን በር ዞር እያለ ያያል። አባቴ ሲፈራ አይቼ አላውቅም ነበርና ፍርሃቱ ወዲያው ተጋባብኝ።

«እናቴ እንዲህ ነበረች» አለኝ በመጨረሻ። «ሳትቀባ።»

በልጅነቷ ከቆላ ተሽጣ አይከል አካባቢ አንድ ባለጠጋ ቤት የገባች ሴት ኖራለች። አባቴን የወለደችው ከባለጠጋው ልጅ ነው። እሷ ከሞተች በኋላ አባቴ ጎንደር ገባና፣ ስለ እናቱ ለጠየቀው ሁሉ «የዛሪማ ሰው ናት» ማለት ጀመረ። ዛሪማ ሩቅ ነው፤ ማንም ሄዶ አያጣራም። ስምም አባትም አያትም አበጀላት።

«ይህን ለማንም ብትናገሪ አታገቢም። እኅቶችሽም አያገቡም። ገባሽ?»

ገባኝ። እኛ አገር ልጅ ከመዳሯ በፊት በሁለቱም ወገን ሰባት ቤት ይቆጠራል። ዘመዳሞች እንዳይጋቡ ነው ይባላል። ይባላል እንጂ በዚያ ቆጠራ ሌላም ብዙ ነገር እንደሚበጠር የማያውቅ የለም። እኔም ስዳር ተቆጠረልኝ፤ አባቴ የዛሪማዋን ሴት እስከ ቅድመ አያቷ ድረስ ዘረዘራት፣ እኔ ደግሞ ጓዳ ሆኜ እያንዳንዱን ስም በልቤ አብሬው እደግም ነበር። አለፈ። እኅቶቼም በተራቸው በዛሪማዋ ሴት ተዳሩ።

ኋላ ራሴ መምህር ሆንኩ፤ የትምህርት ቤቱ የድራማ ክበብም ለኔ ተሰጠ። ይህን መጻፍ ያሳፍረኛል፤ ቢሆንም እጽፈዋለሁ። በየዓመቱ የተማሪ ፊት በገዛ እጄ ጥላሸት ቀብቻለሁ። ብተው «ምነው ተውሽ?» እንዳልባል ፈርቼ ነው። ከሚስቁት ጋር እስቅም ነበር፤ እንዲያውም ከሁሉም ጮክ ብዬ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ልቀባት ስል እጄን ያዘችኝ።

«መምህር፣ ፊቴን አልቀባም» አለች። «ደግሞ ምኑ ነው የሚያስቀው?»

ሌሎቹም ተማሪዎች አብረዋት አደሙ። ልጅቷ ስለ ቤቴ የሰማችው ነገር ያለ መሰለኝ። ምንም አልሰማችም፤ ነውር ሆኖ ታይቷት ነው እንጂ። ያን ዕለት የሷን ድፍረት ማድነቅ ሲገባኝ እኔ የፈራሁት ለራሴ ነበር። «ድሮም ትርፍ ነገር ነው» ብዬ ጥላሸቱን ደፋሁት። ባሪያውንም ከድራማው አወጣነው። ሆኖም ያን ሰሞን ርእሰ መምህሩ ቢሮው በጠራኝ ቁጥር «ስለ ባሪያው ሊጠይቀኝ ነው» እል ነበር።

አምና ልጄ ለትዳር ተጠየቀች። ከልጁ ጋር ተዋደው ነው፤ ፒያሳ ለፒያሳ ሲዞሩ ሦስት ዓመት ያየኋቸውን እንዳላየሁ አልፌአለሁ። ልጁ የካህናት ቤተሰብ ነው። ሽማግሌዎቹ ለእሑድ ቀጠሮ ያዙ። ዓርብ ዕለት አንድ የድሮ የክፍል ጓደኛዬ ያንን የወላጆች ቀን ፎቶ ከየት እንዳገኘው እንጃ፣ ፌስቡክ ላይ ለጠፈው። «ይቺን ባሪያ የሚያውቃት!» ብሎ ጽፎበታል፤ ስሜንም አልደበቀልኝም። የኔ ዘመን ሰዎች ከሥሩ ይንከተከታሉ። ወጣቶቹ ግን አልሳቁም። «ይህ ያስቃል እንዴ?» ይላል አንዱ። «የእኛ መምህር አይደለችም? አታፍርም?» ትላለች ሌላዋ። ዕድሜዬን ሙሉ የፈራሁት የዚያች ሴት የልጅ ልጅ መሆኔ እንዳይታወቅ ነበር። አሁን ደግሞ በዚያች ሴት የሳቅሁ መሆኔ ታወቀ።

ልጄ ፎቶውን ከፍታ ፊቴ ላይ ደቀነችው።

«እማ፣ ይቺ አንቺ ነሽ? ምነው?»

ነገርኳት። ከጥላሸቱ ጀምሬ እስከ ዛሪማ ድረስ አንድም ሳላስቀር። ሰምታ ስትጨርስ ስልኩን አጠፋችው።

«እሑድ ሲጠይቁሽ ዛሪማ ካልሽ፣ ከጓዳ ወጥቼ እኔ እናገራለሁ።»

«አብደሻል? ልጁ ያመልጥሻል እኮ!»

«በዚህ የምንለያይ ከሆነ አሁኑኑ እንለያይ» አለችና፣ ወዲያው ፊቷን ሸፍና አለቀሰች። እሷም እንደኔ ፈርታለች።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ሦስት ሽማግሌዎች መጡ። ከፊት ያሉት የልጁ አጎት የሆኑ ቄስ ናቸው። ባሌ የሱን ወገን ቆጠረ፤ ሰላም ነው። የኔን ወገን የሚቆጥር ወንድም ስለሌለኝና አባቴም ስለሞተ ራሴ ቀረብኩ። እጄን ነጠላዬ ውስጥ ደበቅሁት። የአባቴን አባት ቆጠርኩ። ወደ አባቴ እናት ደረስን።

«እሳቸውስ የየት ናቸው?» አሉ ቄሱ።

ዛሪማ አፌ ላይ ነበረች። ጓዳው በር ላይ መጋረጃ አለ፤ ከመጋረጃው ሥር የልጄ እግሮች ይታዩኛል። አንደኛው እግር ወደፊት ተራመደ።

«ከቆላ ተሽጠው የመጡ ናቸው፣ አባ» አልኩ። «ባሪያ ነበሩ። ከዚያ በላይ የምቆጥረው የለኝም።»

አንደኛው ሽማግሌ የያዘውን ብርጭቆ አስቀመጠ። ሌላው በሩን አየና «ምነው እስከ ዛሬ...» ብሎ ጀምሮ ቄሱን ቀና ብሎ ሲያይ ተወው። ልጄን በገዛ አፌ ከሰው በታች ያደረግኋት መሰለኝ።

«እንግዲህ በዚያ ወገን አንዛመድም ማለት ነው» አሉ ቄሱ። «የእናትሽን ቀጥይ።»

ቀጠልኩ። ምን እንዳልኩ አላስታውስም። ልጄ ያን ዕለት ተሰጠች፤ ሠርጉም ሸጋ ሆነ። አርባ ዓመት ያንቀጠቀጠኝ ነገር በአንዲት አጭር ንግግር ሲያልፍ ደስታ ሳይሆን ንዴት ያዘኝ። ለዚህ ነው አባቴ ፊቴን እስኪላጥ ያሸው? ለዚህ ነው የልጆች ፊት የቀባሁት?

ሽማግሌዎቹን ግቢው በር ድረስ ሸኘሁ። ሁለቱ ባጃጅ ሊጠሩ ቀደም ሲሉ ቄሱ ወደ ኋላ ቀሩ።

«የአያትሽን የክርስትና ስም ንገሪኝ» አሉኝ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ቅዳሴ ላይ አስባቸዋለሁ።»

አፌን ከፈትኩ። የመጣልኝ የዛሪማዋ ስም ነው፤ አባቴ የፈጠራት፣ ስሟን ከነአያቶቿ በቃሌ የማውቃት ሴት። ሌላኛዋን አባቴ «እናቴ» ከማለት በቀር በስሟ ጠርቷት አያውቅም። እኔም ከዚያ የሳሙና ቀን ወዲህ ፈርቼ አልጠየቅሁትም። እሱ ሞቷል። አሁን የሚነግረኝ ሰው የለም።

«አላውቀውም፣ አባ» አልኩ።

ቄሱ ያልሰሙኝ መስለው በሩ ላይ ቆመው ስሙን ይጠብቁ ነበር።