ባዶውን የማይመለስ ድስት

አክስቴ ልብስ ሰፊ ናት። በመንደሯ ጉልበቱ ላይ የእሷን መርፌ ያልቀመሰ ሱሪ የለም። አቅም ለሌለው በነፃ ትሰፋለች፣ ለሙሽራ ሌሊቱን ታነጋለች፣ ምስጋና ሲመጣ ግን ጆሮዋን ትደፍናለች። ከሰው መቀበል አትወድም። እኔ ኩራት ነው እላታለሁ፤ እሷ ይሉኝታ ነው ትለኛለች። ሁለታችንም ሳንረታ ዓመታት አልፈዋል።

ክረምቱ እንደገባ የጓሮዋ ደረጃ ላይ አዳለጣትና ቀኝ እጇ ተሰበረ። ጀሶው ከጣቶቿ ሥር እስከ ክርኗ ድረስ ወጣ። የስፌት መኪናዋ ጨርቅ ለብሳ ጥግ ተቀመጠች፤ ምድጃውም ቀዘቀዘ፤ በአንድ እጅ ሽንኩርት መላጥ እንኳን መከራ ነውና።

ጎረቤት ግን አለ። መጀመሪያ ከፊት ለፊት የአናጢው ሚስት ሾርባ ይዛ መጣች። ከዚያ ግድግዳ የሚጋሯት አሮጊት፣ መንደሩ ሁሉ እማማ የሚላቸው፣ ድንች ቀቅለው አመጡ። ቀጥሎ ከታች ሰፈር፣ ከወንዝ ማዶ ሳይቀር፣ አንዴ ቁልፍ የተከለችላቸው ሰዎች ሁሉ «እግዜር ይማርሽ» እያሉ ድስት አስቀምጠው ይወጡ ጀመር። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት የሚባለው እኔን ለመውቀስ የተተረተ ይመስለኛል፤ እኔ ከከተማ ስልክ ብቻ ነበር የምደውለው።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። በዚያ መንደር ሞልቶ የመጣ ድስት ባዶውን አይመለስም። እንቁላል ይሁን፣ ጎመን ይሁን፣ ሌላው ቢጠፋ አንድ ሎሚ፣ ውስጡ የሆነ ነገር ገብቶ ነው የሚሄደው። ማንም አላወጀውም፣ ሁሉም ያውቀዋል። አክስቴ ደግሞ የምታስገባው አልነበራትም። ዶሮዎቿ መጣል አቁመዋል፣ ጓሮዋን አረም ውጦታል። ስለዚህ ድስቱን በጉልበቶቿ መሀል ይዛ በግራ እጇ ታጥብና አልጋ ሥር ትከተዋለች። «እጄ ሲድን ሁሉንም ሞልቼ እመልሳለሁ» ትላለች ለራሷ።

ጎረቤቶቿም ድስታችንን መልሺ አላሉም። እንዴት ይበሉ? ድስቴን ስጪኝ ማለት እኮ አብልቼሻለሁ ማለት ነው። በድስቱ ፋንታ ሌላ ድስት አመጡ። ድስት ሲያልቅ በሳህን፣ ሳህን ሲያልቅ በባልዲ መጣ። አንድ ቀን የአናጢው ሚስት ሾርባውን በማንቆርቆሪያ ይዛ ገባች። አክስቴ ከማንቆርቆሪያው አፍንጫ ሾርባ ስትቀዳ ነው ነገሩ የገባት። ሰዎቹ ቤት የሚበስልበት ዕቃ የለም። ከዚያ ቀን ጀምሮ መስኮቷን ዘጋች፣ በር ሲንኳኳም ተኝቻለሁ ማለት ጀመረች።

ቅዳሜ ስደርስ መስኮቱ በቀን ተዘግቶ አገኘሁት። ጫማዬን ወደ አልጋው ሥር ስገፋው ኳ! አለ። ጎንበስ ብዬ አየሁ። ድስት በድስት ላይ፣ ክዳን በክዳን ላይ።

«አክስቴ፣ ሱቅ ልትከፍቺ ነው እንዴ?»

ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። እሷ ግን በጀሶው እጇ ፊቷን ሸፈነች።

«የሰው ቤት አራቆትኩ፣ ልጄ። እየበላሁ አራቆትኳቸው።»

ያኔ ሳቄ አፌ ላይ ደረቀ። አፈርኩ። እኔ በእጄ ሁለት ሳሙና ይዤ ነበር የመጣሁት።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል አልሰማሽም? ዛሬውኑ እንመልስላቸው» አልኳት።

«ባዶውን? ሞቼ ነው!»

ይሄን እያለች ሳለ በሩ ተንኳኳ። የአናጢው ሚስት ናት። ነጠላ ጫማዋን ደጃፍ ላይ እያሻሸች አንገቷን ደፍታ ቆመች።

«እትዬ፣ አስቸገርኩሽ። ነገ እንግዶች ይመጡብኛል። አንድ ድስት ታውሺኛለሽ?»

አክስቴ ወደ አልጋው ሄደች፣ ተንበረከከች፣ እጀታው የተሸረፈ ሰማያዊ ድስት ሳበች። የማን እንደሆነ ሦስታችንም እናውቃለን። የአናጢው ሚስት በሁለት እጇ ተቀበለች። «እግዜር ይስጥልኝ፣ ነገውኑ እመልሳለሁ» ብላ የገዛ ድስቷን ተውሳ ሄደች። ፊቷ ላይ አንዲት ነገር አልተነበበም። በሩ ሲዘጋ አክስቴ መሬት ላይ ቁጭ አለች። «ለመነችኝ» አለች። «የራሷን ዕቃ ለመነችኝ።»

በማግስቱ ድስቱ ተመለሰ። ሞልቶ። የተዋሱት ዕቃም ባዶውን አይመለስማ!

አክስቴ የሚጨሰውን ሾርባ አፍጥጣ አየችው። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት የምትወድ ይመስል ነበር። ከዚያ ሾርባውን ወደ ራሷ ድስት ገለበጠችና ሰማያዊውን አጥባ አደረቀች።

«ሁሉንም አውጪያቸው» አለችኝ።

«ባዷቸውን?»

«ባዷቸውን።»

በአንሶላ ቋጥሬ ተሸከምኳቸው። በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው ደጃፉ ላይ በተቀመጠበት ሰዓት፣ ድስቶቹ እየተንኳኩ መንገዱን አቋረጥን። እሷ ሰማያዊውን በግራ እጇ ይዛ ዓይኗን ከመሬት አላነሳችም። ጆሮዋ ድረስ ላብ ወርዷታል።

የአናጢው ሚስት በሩን ከፈተች። አክስቴ ድስቱን አቀበለቻት። መንገድ ላይ ያዘጋጀችውን ንግግር ረሳችው መሰለኝ።

«ባዶ ነው» ብቻ አለች።

ጎረቤቷ ክዳኑን አንስታ ወደ ውስጥ ተመለከተች።

«ታዲያስ፣ እትዬ? ባዶ እንዲሆን አይደል እንዴ ሞልተን የምናመጣው?»

የአናጢው ሚስት ክዳኑን ገልበጥ አድርጋ አየችውና፣ «ይሄ ግን የእማማ ክዳን ነው፤ ነይ አብረን እናድርስላቸው» ብላ ከቋጠሮው ግማሹን ከእኔ ተቀበለች። አክስቴ አሁንም ቀና አላለችም። ግን ተከተለቻት።