ቡታጅራ ብለን ዱባይ

እኔ ነገር ማቆየት አልችልም። ወጥ ስሰራ እንኳ ሳይበስል ክዳኑን እየደጋገምኩ እከፍታለሁ። እህቴ ከዱባይ ደውላ «አራት ቀን ፈቃድ አገኘሁ፣ ልጆቹን ይዘሽልኝ ነይ» ስትለኝም ስልኩን ሳልዘጋ ሻንጣ ከአልጋ ስር እየጎተትኩ ነበር። የወጣው ሻንጣ ዚፑ የተገነጠለ ነው። መልሼ ገፋሁት።

እህቴ ታናሼ ናት። እዚያ የሴቶች ፀጉር ቤት ትሰራለች። ከመሄዷ በፊት እዚሁ ለቡ መብራት ኃይል፣ በተከራየንበት ግቢ ከእኔና ከባሌ ጋር ነበር የምትኖረው። ትልቋን ልጄን በጀርባዋ አዝላ ያሳደገቻት እሷ ናት። ትንሹን ግን ከስልክ በቀር አታውቀውም፤ ከሄደች በኋላ ነው የተወለደው። እንዳትመጣ የመኖሪያ ወረቀቷ እድሳት ላይ ነው፤ ከወጣች መመለሷ ያጠራጥራል። ስለዚህ እሷ ትኬት ቆረጠችልን። አብረዋት የሚኖሩት ሁለት ሐበሾች ደግሞ «ክፍሉን እንለቅላችኋለን፣ እኛ ጓደኛችን ጋር እናድራለን» አሉ። አይተውን የማያውቁ ልጆች አልጋቸውን ለቀቁልን። እግዜር ይስጣቸው፣ ሌላ ምን እላለሁ።

ችግሩ ትንሹ ልጄ ነው። ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው፤ አዲስ ሰው አይወድም። ባሌ ፂሙን የተላጨ ቀን እንኳ አባቱን አይቶ አልቅሷል። እህቴ በስልክ ምስል ስትመጣበት ቀሚሴ ውስጥ ይገባል።

«አንድ ነገር ነው የምፈራው» አለችኝ አንድ ቀን። «ባይቀርበኝስ? ሲያለቅስብኝ ከርሞ ቢሄድስ?»

«ያለቅሳል» አልኳት። መሸንገል አልችልበትም። «መጀመሪያ ቀን ያለቅሳል።»

«ከዚያ በኋላስ?»

«እሱን እንጃ።» ከዚያ ወሬ ለመቀየር ይመስለኛል፣ የምናያቸውን ነገሮች ፎቶ ትልክልኝ ጀመር፦ ረጅሙን ፎቅ፣ አሳዎቹ በመስታወት ውስጥ የሚዋኙበትን፣ በሙዚቃ የሚደንሰውን ውሃ፣ ባህሩን። እኔም አላረፍኩም፤ ሌላ እጨምርበታለሁ። ባሌ ጋራዥ ነው የሚሰራው፤ ፈቃድ ስላላገኘ አብሮን አይሄድም። ማታ ማታ እያየኝ «ህፃናት ነው ወይስ የፓርላማ ልዑክ ነው ይዘሽ የምትሄጂው?» ይለኛል።

እናቴ ቡታጅራ ናት። ጉዞውን ስነግራት ያለችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ሳትሳፈሪ ለሰው እንዳትተነፍሺ።»

ይሄን እኛ አገር ማስረዳት አያስፈልግም። ውጭ የሚሄድ ሰው አይናገርም። ወሬው ከቀደመ ጉዞው ይቀራል ይባላል፤ ሁሉም ሰው ቪዛው በሰው አፍ የተበላበት አንድ ዘመድ አለው። እኔም አመንኩም አላመንኩም አፌን ዘጋሁ። ለግቢው ሰው፣ ለልጄ መዋለ ሕፃናት፣ ለሁሉም «ቡታጅራ እናቴን ልጠይቅ ነው» አልኩ። ትልቋንም አስጠናኋት። «የት ነው የምንሄደው?» «ቡታጅራ።» ጎበዝ።

ያላሰብኩት ነገር፣ ወደ ክፍለ ሀገር የሚሄድን ሰው በባዶ እጁ የሚሸኝ የለም።

መጀመሪያ የመጣችው ጎረቤቴ ናት። ስልጤ ናት፣ ሀይሌ ጋርመንት ሰፈር የልጆች ልብስ ሱቅ አላት። አንድ ፌስታል ሳሙናና ስኳር ለእናቴ፣ ለልጆቹ ደግሞ ሁለት የፕላስቲክ ቦት ጫማ። «የክረምት ጭቃ ነው፣ ወላሂ ልጆቹን ባዶ እግራቸውን እንዳትለቂያቸው» አለችኝ። ቀጥሎ የግቢው ባለቤት፣ እማማ፣ ወፍራም ብርድ ልብስ ይዘው መጡ። «እናትሽ እንደኔ አርጅታለች፤ ብርድ አይችላትም።» አሜን ብዬ ተቀበልኩ። ምን ልበል? እቃው አልጋዬ ላይ ተከመረ። ልብ የሚያቀልጥ ሙቀት ወዳለበት አገር ልሄድ ቦት ጫማና ብርድ ልብስ ታቅፌ ቁጭ አልኩ።

የሚያቃጥለው ደግሞ ይቺ ጎረቤቴ ለሱቋ ልብስ ለማምጣት ዱባይ ስትመላለስ የኖረች መሆኗ ነው። ልጇንም ይዛ ሄዳ ታውቃለች። እኔ ማወቅ የምፈልገውን ሁሉ ታውቃለች፤ ልጠይቃት ግን አልችልም። አንድ ቀን አላስችል አለኝና እንደዋዛ፣

«ሞቃት አገር ህፃን ይዞ መሄድ ግን እንዴት ነው?» አልኳት።

«ቡታጅራ ከመቼ ወዲህ ነው ሞቃት የሆነው?»

«አይ፣ እንዲያው ነው።»

አየችኝ። ልብስ ማጠቤን ቀጠልኩ።

እማማ ከድሮም የዚህ ሰፈር ሰው ናቸው። ፎቁ ሳይመጣ ቤተሰባቸው እዚህ ያርስ ነበር፤ አሁን ቦታው ቢያንስም ከጓሮ ሁለት ላሞች አሏቸው። ትንሹ ልጄ ከእኔና ከአባቱ ሌላ የሚሄደው ወደ እሳቸው ብቻ ነው። ጠዋት ሲያልቡ አጠገባቸው ይቆማል። ሲጨርሱ «ኢልማ ኮ» ብለው ያነሱታል፤ በኦሮምኛ ልጄ ማለታቸው ነው። እሱ አፍንጫውን አንገታቸው ውስጥ ይደብቃል። ወተትና ቅቤ ነው የሚሸቱት።

መሄጃችን ሲቃረብ አንድ ጠዋት ልጆቹ ጓሮ ነበሩ፤ እኔ ገመድ ላይ ልብስ አሰጣለሁ። ትልቋ እማማን እንዲህ ስትጠይቃቸው ሰማሁ፦

«እማማ፣ አውሮፕላን ውስጥ ቦት ጫማ ይፈቀዳል?»

እማማ ማለባቸውን አቆሙ። «በአውሮፕላን ቡታጅራ?»

ልጅቷ ዞራ እኔን አየች። ያስጠናኋት እዚህ ድረስ አልነበረም።

«እህትሽ ጋር ነው?» አሉኝ።

«አዎ እማማ።»

«ያቺም እንዲሁ ነው የሄደችው። ጠዋት ወተት ይዤላት ብመጣ ክፍሉ ባዶ ነው።»

እውነት ነው። እሷንም ያኔ በእናቴ ምክር ደብቀን፣ ሳይነጋ በታክሲ ነበር የሸኘናት።

«ዓይን ፈርተን ነው እማማ።»

«የእኔን ዓይን?»

እሳቸው አልጮሁም፣ አልተቆጡም። የላሟን ጀርባ መታ መታ አድርገው «ሳልመርቃት ሄደች» አሉ። «ልጅ ባህር ተሻግራ ስትሄድ ሳትመረቅ? እስከ ዛሬ ሆዴ ውስጥ አለ።» ከዚያ ማለባቸውን ቀጠሉ።

ወሬው ምሳ ሳይደርስ ጎረቤቴ ጆሮ ገባ። በሩን ሳታንኳኳ ገባችና አልጋው ላይ ያለውን ክምር እያየች ወገቧን ያዘች።

«እስቲ ንገሪኝ፣ ዱባይ ሳሙና የላቸውም?»

«ይቅርታ በቃ።»

«ቦት ጫማውንስ? በረሃው ላይ ጭቃ ስትፈልጊ ልትዞሪ?» ሳቀች። ሳቋ ከቁጣ ይከብዳል፤ ግን ወዲያው ነጠላ ጫማዋን አውልቃ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። «በይ ያሰብሽውን ንገሪኝ።»

ፎቁን፣ አሳውን፣ ውሃውን፣ ባህሩን፣ እኔ የጨመርኩትን ሁሉ ነገርኳት። ሳልጨርስ እጇን አነሳች።

«ይሄን የሚችለው ልጅ የሌለው ሰው ነው። ለአንድ ቀን አንድ ነገር። እሱንም በጠዋት ወይ ፀሐይ ስትገባ፤ በቀትር ከቤት እንዳትወጪ። ሞል ውስጥ ደግሞ እንደ ፍሪጅ ነው የሚበርደው፣ ሹራብ ያዢ። ልጆቹን ቀይ አልብሺያቸው፣ ከሩቅ እንዲታዩሽ። ትንሹ ከተኛ አትቀስቅሺው፤ ፎቁ የትም አይሄድም።»

ከዚያ ወጥታ የራሷን ሻንጣና ተጣጣፊ የህፃን ጋሪ ይዛ ተመለሰች። ሻንጣው እጀታ ላይ ቢጫ ጨርቅ ታስሯል፤ ሻንጣ ሲመሳሰል እንዳይጠፋባት ያሰረችው ነው። «ጨርቁን እንዳትፈቺ። ዕድለኛ ነው፣ ሁሌም ይመለሳል።» ብቻዬን ስዳክር የከረምኩበትን ነገር በአንድ ከሰዓት ጨረሰችው። ሰው በዙሪያዬ እያለ ሰው እንደሌለው መሆኔን ሳስብ ራሴን በጥፊ ማለት አማረኝ።

የምንሄድ ቀን እማማ ቅቤ ይዘው መጡ። «ይሄ የሚበላ አይደለም» አሉ። በእነሱ ዘንድ ሩቅ የሚሄድ ሰው አናቱ ላይ ቅቤ ተደርጎለት ይመረቃል። የግቢው ሰው እያየ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ የእኔንም የልጆቹንም አናት ቀቡ። «ነጋን ዴማ፣ ነጋን ገላ» አሉ፤ በሰላም ሂዱ፣ በሰላም ግቡ ነው። እናቴ ብትሰማ ራሷን ትስት ነበር። የቀረውን ቅቤ በክዳን ዕቃ አድርገው ሰጡኝ።

«ለእሷ አንቺ ቀቢልኝ። የእኔ እጅ እንደሆነ አድርገሽ።»

አውሮፕላኑም አልቀረም፣ ቪዛውም አልተበላም። ያ ሁሉ ሰው አውቆት ሄድን።

እህቴ ዱባይ አየር ማረፊያ መውጫው በር ላይ ጠበቀችን። ትልቋ ሮጣ ተጠመጠመችባት። ወደ ትንሹ እጇን ስትዘረጋ የሚያቃጥል ነገር የነካው ያህል ጮኸ። «አይዞህ አይዞህ» እያለች ወደ ኋላ አለች። ፈገግ ብላ ነበር፤ የዘረጋችውን እጇን ግን ኪሷ ውስጥ ከተተችው። ክፍሏ ገብተንም ያው ነው። በተጠጋችው ቁጥር እሪ ይላል። እሷ በገዛ ክፍሏ በር ሥር ወለሉ ላይ ተቀመጠች፣ እንዳታስደነግጠው ብላ።

«በቃ ፎቁን እንየው» አለችኝ። «ውጪ ይረሳ ይሆናል።»

«የትም አንሄድም» አልኳት። ሻንጣውን ከፍቼ ቅቤውን አወጣሁ። ቀልጧል፤ ደግነቱ በሦስት ፌስታል ጠቅልዬው ነበር። ከማን እንደሆነ ነገርኳት።

«እማማ? ተቀይመውኝ የለም እንዴ?»

«ሳልመርቃት ሄደች ነው ያሉት። ሆዴ ውስጥ አለ አሉ።»

እህቴ ቀኑን ሙሉ የሰው ፀጉር በሽቶ የምታጥብ ሴት ናት። የራሷም ፀጉር ለእኛ ብላ ተተኩሶ እንደ ሐር ወርዷል። አንድ ጊዜ በእጇ ዳሰሰችው። ከዚያ «ቀቢኝ» ብላ ጎንበስ አለች። በእማማ እጅ እንደሆነ አድርጌ፣ ቃሉንም እንደቻልኩት እየተኮላተፍኩ ቀባኋት። ቅቤው በጆሮዋ ጀርባ ወደ አንገቷ ወረደ። ታለቅሳለች፣ ድምፅ የለውም።

ትንሹ ከቀሚሴ ኋላ ወጣ። አየር ሳበ። በሩን አየ፣ መስኮቱን አየ፤ እማማን የሚፈልግ መሰለኝ። ወደ እህቴ አንድ እርምጃ ሄዶ ቆመ። እሷ ቀና አላለችም። እጁን አናቷ ላይ አሳረፈ፣ ጣቱን ላሰ፣ ከዚያ አፍንጫውን አንገቷ ውስጥ ደበቀ።

ያን ቀን እንዲሁ ትከሻዋ ላይ ተኛ። ክንዷ ደንዝዞ እንኳ «አውርጂው» ስላት እምቢ አለች። ፎቁን ያየነው በአውቶቡስ መስኮት ነው። አሳዎቹን ግን አይተናል፤ እህቴ በቅቤ ፀጉሯ ልጁን ታቅፋ በዚያ በሚያብረቀርቅ ሞል መሀል ስትሄድ ሰው ዞር እያለ ያያት ነበር። «ይዩኝ» ትለኛለች።

ስንመለስ እማማ ጓሮ ነበሩ። ስለ ዱባይ ምንም አልጠየቁኝም።

«ቀባሻት?»

«ቀባኋት።»

«እሱስ ሄደላት?»

«ስንለያይ ከእሷ ላይ ስናነሳው ነው ያለቀሰው።»

ራሳቸውን ነቀነቁና ወደ ላማቸው ዞሩ።

ብርድ ልብሱ፣ ሳሙናውና ቦት ጫማው አሁን አልጋ ስር ናቸው። ቅዳሜ ይዣቸው ቡታጅራ እሄዳለሁ፤ ለሁሉም ተናግሬያለሁ። ጎረቤቴ ባየችኝ ቁጥር «የእውነት ቡታጅራ ነው ወይስ ፓስፖርትሽን ላቀብልሽ?» ትለኛለች።