ከወይራው ላይ የተሰቀለው ቸርኬ

ጋሽ ዘለቀ ባለፈው ማክሰኞ ማለዳ አርፈዋል። ካራ ካላችሁት ጋር አብረን ቀብረናቸዋል። ይህን የምጽፈው ሩቅ ላላችሁት፣ ወሬው ዘግይቶ ለሚደርሳችሁ፣ በተለይም ከእርሻችን ዳር ተቀምጣችሁ ከእኛ ጋር ለተማራችሁት ሁሉ ነው። ኅዳር ገብቷል፤ ገብሱም ደርሷል። እንዲህ ባለ ሰሞን ትሄዳለህ ቢባሉ ኖሮ «አሁን? በአጨዳ?» ብለው በተቆጡ ነበር።

እኔ መካከለኛዋ ልጃቸው ሰናይት ነኝ። ሰፈሩ ሁሉ ጋሽ ዘለቀ ሲላቸው ሰምተን አድገን፣ እኛም አባባ ማለቱ ቀርቶ ጋሼ ስንላቸው ኖረናል። በቀብር ላይ የሚነበብ ረጅም የሕይወት ታሪክ አይወዱም ነበር። «ሰውን ፀሐይ ላይ አቁሞ ሟቹ የት እንደተማረ መንገር ምን የሚሉት ነው?» ይሉ ነበር። ስለዚህ የት እንደተማሩ አልነግራችሁም። እንዴት እንዳስተማሩ ግን ሳልናገር አላልፍም።

ጠዋት ጠዋት ኮተቤ አካባቢ በአንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ያስተምሩ ነበር። ከሰዓት በኋላ ኮታቸውን ሚስማር ላይ ሰቅለው፣ የተጣፈውን ሱሪያቸውን ለብሰው ወደ እርሻው ይወርዳሉ። እርሻ ስላችሁ ብዙ እንዳታስቡ። ከአያታችን የቀረ፣ ከመሬት አዋጁ በኋላ ደግሞ ያነሰ ቁራሽ መሬት ነው። ከላይ ወደ እንጦጦ የሚወጣው ባሕር ዛፍ ይጀምራል፤ ከታች የካራ መንገድ ያልፋል። በዚያ ቁራሽ ላይ ገብስ፣ ባቄላ፣ ድንችና እማዬ የምትኮራበት ጥቂት ጎመን ይበቅሉ ነበር።

ክረምቱ ወጥቶ መስከረም ሲጠባ፣ ጋሼ እኛን ቤት ውስጥ ተቀምጠን ማየት ያማቸዋል። «መጽሐፉ ይቆያችኋል፤ ገብሱ ግን ነገ የዛሬው አይሆንም» ይሉናል። ከዚያ እስከ ኅዳር መጨረሻ ድረስ የከሰዓት ትምህርታችን ውጭ ነው። የጎረቤት ልጆችም ይመጣሉ፤ ማንንም መልሰው አያውቁም። የገብሱን ዛላ በጥሰው አንዷን ፍሬ ጥርሳችን መካከል ያስቀምጡልንና «በጥርሳችሁ ጠይቁት» ይላሉ። ፍሬው ወተት ከሆነ ገና ነው፤ ከላመ ይጠበቃል፤ ቀጭ ካለ ማጭድ ይሳላል። ሌላ ቀን ደግሞ ደመናውን ያሳዩናል። በኅዳር ከእንጦጦ በኩል የመጣ ደመና ብዙውን ጊዜ አስፈራርቶ ያልፋል፤ ከየረር ተራራ በኩል የመጣ ግን የምሩን ነው፤ የታጨደ ካለ ቶሎ ይከመር። ፈተናውም እዚያው ነው። ግርማ፣ የሁላችን ታናሽ፣ ደመናውን በተሳሳተ ቁጥር «አንተ ጃንጥላ ነጋዴ ሁን» ይሉት ነበር።

የምንሰበሰበው በቸርኬ ነው። ትምህርት ቤቱ አዲስ ደወል ሲያገኝ አሮጌውን፣ የከባድ መኪና ቸርኬ፣ ሊጥሉት ሲሉ ጋሼ ተሸክመው አመጡትና ከደጃችን ወይራ ላይ በሽቦ ሰቀሉት። ሲመታ እስከ ባሕር ዛፉ ጫፍ ይሰማል። ሕጉም አንድ ብቻ ነበር። «ቸርኬው ሲጮህ የያዛችሁትን ጥላችሁ ኑ። ለምን ብላችሁ አትጠይቁ። እኔም በከንቱ አልጠራችሁም።»

በከንቱም ጠርተውን አያውቁም። ሮጠን ስንደርስ አንድ ነገር ይጠብቀናል፤ እስስት ናት፣ ወይ አጥር ላይ የሰፈረ ንብ፣ ወይ በገለባ የተጠበሰ የባቄላ እሸት። ሁልጊዜ ቀድሞ የሚደርሰው ታላቅ ወንድማችን አምሃ ነበር። አንድ ቀን ራሱን እየታጠበ ሳለ ቸርኬው ጮኸና ሳሙናው ዓይኑ ውስጥ እየገባ፣ በዳበሳ ሮጦ መጣ። ጋሼ ሳቃቸውን መያዝ አቅቷቸው መሬት ላይ ተቀመጡ። «ይኼ ልጅ መቃብር ውስጥ ሆኖም ቢሆን ቢጠሩት ይመጣል» አሉ። ከዓመታት በኋላ ይህን ቃል ሳስታውስ እንደሚያመኝ እንዴት አውቃለሁ።

የብሔራዊ ውትድርናው አፈሳ ሰፈራችን የደረሰው አምሃ የመጨረሻውን ክፍል በጀመረበት መኸር ነው። ከየቀበሌው ይህን ያህል ወጣት ይምጣ ተብሏል። ከሾላ ገበያ እቃ ይዘው ሲመለሱ የተያዙ ልጆች ነበሩ፤ ዘንቢላቸው ብቻ በሰው እጅ ቤታቸው ይገባል። እማዬና ጋሼ ተማከሩና አምሃ ከላይ ባሕር ዛፉ ውስጥ ተደበቀ። እማዬ ቅጠል ልትለቅም እንደምትሄድ ሴት ገመድዋን ትከሻዋ ላይ ጥላ ትወጣለች፤ ምሳውን በነጠላዋ ሥር ታደርሳለች። «እኔ ካልመጣሁ ማንም ቢጠራህ እንዳትወርድ» ብላዋለች። ማንም ስትል ቸርኬውን አላሰበችውም። ማናችንም አላሰብነውም።

ገብሱ ታጭዶ መሬት ላይ ነበር። አፋሾቹ ሰፈሩን ዞረው ሄዱ ተባለ። ያን ከሰዓት ጋሼ ብቻቸውን ከእርሻው ውስጥ ቆመው ቀና ሲሉ ሰማዩ ከየረር በኩል ጠቁሯል። የዓመት እህላችን ነው። ወደ ወይራው ሮጡና ብረቱን አንስተው ቸርኬውን መቱት። በኋላ ደጋግመው የሚሉት ይህን ነበር፦ «እጄ ነው የመታው። ልቤ እዚያ አልነበረም።»

እኔና ግርማ ከጓሮ መጣን። እማዬ ከማጀት ወጣች። ከላይ ደግሞ አምሃ፣ ፀጉሩ ላይ የባሕር ዛፍ ቅጠል እንደተጣበቀ፣ ቁልቁለቱን እየዘለለ መጣ። ማንንም ሳያይ ጎንበስ ብሎ ነዶ ማቀፍ ጀመረ። ጋሼ ያደረጉትን ያወቁት የእማዬን ፊት ሲያዩ ነው። «ተመለስ» አሉት። የቀበሌያችን አብዮት ጥበቃ ሞገስ ከሁለት ወታደሮች ጋር ከአጥራችን ሥር መንገዱ ላይ ነበር። አልሄዱም ኖሯል።

ጋሼ ሰው ሲለምኑ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። «ሞገስ፣ ልጁ ትምህርቱን አልጨረሰም። እኔን ውሰዱኝ።»

«እርስዎን ማን ይቀበለኛል ጋሽ ዘለቀ?» አለ ሞገስ፣ መሬት መሬት እያየ። «ኮታ ነው። ካላሟላሁ እኔኑ ነው የሚጭኑኝ።»

እማዬ የአምሃን ክንድ ይዛ አልለቅም አለች። አንዱ ወታደር ጣቶቿን አንድ በአንድ ፈታቸው፤ አልመታትም፣ አልተቆጣም፣ ዝም ብሎ ፈታቸው። የወታደር መኪናው፣ ኦራሉ፣ መንገዱ ላይ ሞተሩን ሳያጠፋ ቆሟል። አምሃ ከመኪናው ላይ ሆኖ ዞር አለና ወደ ሰማዩ አየ፤ ከዚያ ወደ አባታችን። «ጋሼ፣ ገብሱን ይሰብስቡ እንጂ። ደረሰ እኮ።»

ከዚህ በኋላ የሰማነው ድምፁ የለም።

ዝናቡ ሲመጣ ሁላችንም ቆመን ነበር። አራት ሰው ነን፤ እጅ አለን፤ ነዶው እግራችን ሥር ነው፤ አንዳችንም ጎንበስ አላልንም። ገብሱ ረጠበ፤ በሳምንቱ እዚያው መሬት ላይ አረንጓዴ ጎነቆለ። ጎረቤቶቻችን ያላቸውን ይዘው ባይመጡ ኖሮ ያን ዓመት እንዴት እንደምንወጣው አላውቅም። ጋሼ ቸርኬውን በአሮጌ ጆንያ ጠቅልለው በገመድ አሰሩት፤ ነፋስ እንኳ እንዳይነካው።

አንድ ነገር ልጨምር፤ የጋሼን ልብ ለማታውቁ። የሞገስ ልጅ ከእኛ ጋር ከእርሻው ዳር ትማር ነበር። አምሃ ከተወሰደ በኋላ አባቷ አፍሮ አስቀራት። ጋሼ መንገድ ላይ ጠብቀው አስቆሙት። እማዬ ይሰድቡታል ብላ ጠብቃ ነበር። «ልጅህን ነገ ላካት» አሉት፣ «ባቄላው ለእሸት ደርሷል።» ማግስቱን መጣች። እማዬ ለብዙ ቀን አኮረፈቻቸው፤ እኔም አኩርፌያቸው ነበር። ዛሬም ቢሆን ሙሉ በሙሉ ገብቶኛል ብዬ አልዋሽም።

ከአምሃ አንድ ጊዜ ብቻ «ሰሜን ነኝ፣ ደህና ነኝ» የሚል ቃል በሰው በሰው ደረሰን። ከዚያ ዓመታት አለፉ። ደርግ ወደቀ፤ ወታደሩ በእግሩ፣ ከስቶ፣ ቁምጣ ለብሶ ወደየቤቱ ተመለሰ። ጋሼ ክረምቱን ሙሉ በካራ መንገድ የሚያልፈውን ሁሉ እያስቆሙ ጠየቁ። ያየው የለም፤ ሞቷል ያለም የለም። መስከረም ሲጠባ ጆንያውን ፈቱት።

«በእሱ ነው የሄደው» አሉን። «ከሰማው ይመጣል።»

ከዚያን ጊዜ ጀምሮ በየዓመቱ ከመስከረም እስከ ኅዳር፣ በየከሰዓቱ፣ ቸርኬውን መቱ። እኔ አግብቼ ከጎን ያለው ቤት እኖራለሁ፤ ግርማም ልጆች ወልዷል። ሲጮህ ሊጥ ይዤ ከሆነ ሊጡን ጥዬ፣ ልጅ ታቅፌ ከሆነ ልጄን ይዤ እሄዳለሁ። አለመሄድ አልችልም፤ እንዲያ ተደርገን ነው ያደግነው። ጋሼ ቁልቁለቱን አይተው፣ ከዚያ እኛን ያያሉ። «መጣችሁ?» ይላሉ። «መጣን» እንላለን። ይበቃዎታል የሚል ሰው ከመካከላችን አልተገኘም። ምን ብለን? አይመጣም ልንላቸው? እሱን እኛም አናውቅም።

ማክሰኞ ከቀብር ስንመለስ ለቀስተኛው ድንኳን ውስጥ ተቀምጦ ሳለ ቸርኬው ጮኸ። እማዬ ነበረች፤ በሕይወቷ ነክታው አታውቅም። እኔ ተነሣሁ፤ ግርማ ተነሣ፤ የሞገስ ልጅ ተነሣች፤ ያኔ ከእርሻው ዳር የተማሩት፣ አሁን ሽበት የጀመራቸው፣ አንድ በአንድ ተነሥተው ወደ ወይራው መጡ። እማዬ ብረቱን እንደያዘች ፊታችንን ሁሉ አየች። ከዚያ ከኋላችን ያለውን ቁልቁለት አየች። «እናንተው ብቻ ናችሁ?» አለች።

ጋሼ፣ ሲጠሩን የያዝነውን ጥለን መምጣትን አስተምረውናል። ጠርተን የቀረብንን እንዴት እንደምንተወው ግን ሳያስተምሩን ሄዱ። ትናንት ሰማዩ ከየረር በኩል ጠቁሮ ነበር፤ ደመናውን ቀድሞ ያየው ግርማ ነው፤ ቢያዩት በኮሩበት። ሁላችንም፣ እማዬም ጭምር፣ ጎንበስ ብለን ገብሱን ሰበሰብነው። አንድም ነዶ አልረጠበም። ባሉበት አምሃን ካገኙት ይህንኑ ይንገሩልን። ካላገኙት ደግሞ አይጨነቁ ጋሼ፤ ቸርኬውን እኛ እንመታለን።