ዶሮ ያሳደገቻት ዝይ

ትናንት ከሞጆ ወደ አዳማ ስመለስ፣ ሚኒባሱ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት የታቀፈችው ሕፃን ደረቱ ሲር ሲር ይል ነበር። መስኮቱን ክፈቱለት ብዬ ከረዳቱ ጋር ተጨቃጨቅሁ። አቧራ ይገባል አለኝ። ይግባ አልኩት። ያን ድምፅ አውቀዋለሁ፤ መጀመሪያ የሰማሁት ግን ከሰው አይደለም።

አዳሚ ቱሉ አጠገብ፣ ሐይቁ ዳር ነበር የምንኖረው፤ እናቴና እኔ። ጎረምሳ ነበርኩ። እናቴ ቄጠማ ልታጭድ ወርዳ ሁለት የዱር ዝይ እንቁላል አገኘችና ለታቀፈች ዶሮ ከእንቁላሎቿ መሃል አስገባችላት። አንዱ ተፈለፈለ። ጎረቤታችን፣ የወሎዋ ሴት፣ በአጥሩ ላይ አይታ፣ «እትዬ፣ ዶሮዎ ዝይ ከወለደች እርስዎም ግመል ሳይወልዱ አይቀሩም» አለቻት። እናቴ ስትስቅ ዋለች።

ዝይዋ አደገች። ቀን ሐይቁ ላይ ትውላለች፤ ሲመሽ የጭቃና የቄጠማ ሽታ ይዛ ትመጣና ካሳደገቻት ዶሮ ጎን ትተኛለች። ዶሮዋም ክንፏን ትዘረጋላታለች፤ የሚሸፈነው ግን አንገቷ ብቻ ነበር።

ክረምቱ ሲወጣ ዝይዋ አፏን ከፍታ መተንፈስ ጀመረች። ሲር፣ ሲር። እናቴ ነጭ ሽንኩርት ወቅጣ በሎሚ አጠጣቻት። አልተሻላትም። ጎረቤታችንም ሰማች። ያቺ ሴት ልጆቿን የምታሳድገው እንቁላል ሸጣ ነው። «ይኼ ፈንግል ነው እትዬ፤ ትታረድ። ዶሮዎቼ ካለቁ ልጆቼን ምን ላብላ?» አለች። እውነቷን ነው። ፈንግል በገባበት ግቢ የሚተርፈው ላባ ነው።

እንግዲህ በኛ አገር ሴት አታርድም፤ በቤቱ ያለሁት ወንድ እኔ ብቻ ነኝ። አላርድም አልኩ። እናቴም አላስገደደችኝም። ዝይዋን ለዓሣ አጥማጅ ሰጠችው፤ በጀልባ ማዶ አድርሶ ለቀቃት።

በማግስቱ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ በሐይቁ በኩል ዝቅ ብላ እየበረረች መጣች። አጥሩን ለጥቂት አለፈችው። ግቢው ውስጥ ወደቀች፤ ዶሮ ቤቱ ጋ ሳትደርስ ትንፋሿ አለቀ።

ጠዋት ለከብት ክትባት የመጣው ሐኪም ጉሮሮዋን ሰንጥቆ አሳየን። አየር መተላለፊያዋ ውስጥ እንደ ዱባ ፍሬ ጠፍጣፋ፣ ቀያይ ትሎች ተጣብቀዋል። «ፈንግል አይደለም» አለ። «ከሐይቁ ቀንድ አውጣ ጋር የዋጠችው ትል ነው። ከሷ ወደ ዶሮ አይተላለፍም።» ጎረቤታችን መሬት መሬት አየች። እናቴ ዝይዋን በነጠላዋ ጠቀለለቻት። አሁን መድኃኒት አለው ይሉኛል። ያኔ ማን ነግሮን።

ማታ ሌሎቹ ዶሮዎች ገቡ። ዝይዋን ያሳደገችው አሮጊት ዶሮ ግን ወደ ሐይቁ ዞራ ቆማ ትጣራለች። ብርሃኑ አለቀ፤ በሩን ልዘጋ ተነሳሁ። ጎረቤታችን መጥታ ከእናቴ ጎን ተቀምጣ ነበር። እጄን ያዝ አደረገችና፣

«ተወው ልጄ፤ ትንሽ ትጠብቃት» አለችኝ።