የሐጂ ልጅ መኪኖች

ባለቤቴ ካረፈች በኋላ ብቸና ያለው ቤታችን ሰፋብኝ። አንዲት ልጃችን አዲስ አበባ ሥራ ይዛ ከሄደች ቆይታለች። ቀኑን ላብራቶሪ ውስጥ ማይክሮስኮፕ ላይ አጎንብሼ እውላለሁ፤ ማታ የምገባው ማንም ወዳልተቀመጠባቸው ወንበሮች ነበር። ቴሌቪዥኑን እከፍታለሁ፤ ቤቱ ሰው ያለበት እንዲመስል እንጂ ላየው አይደለም። ጎረቤቶቼ የመጀመሪያዎቹን ወራት እራት ይዘውልኝ ይመጡ ነበር። ኋላ ሁሉም ወደ ኑሮው ተመለሰ። አልተቀየምኳቸውም፤ የሐዘን ወግ እስከዚያ ድረስ ነው።

መኪናዋን ያገኘኋት በገበያ ቀን ነው። ልባሽ ከሚሸጡት መካከል አንዲት ጫማ የምትደረድር ሴት ነበረች። ለራሴ ጫማ ሳማርጥ ከክምሩ ሥር የመዳፍ ያህል መኪና ብቅ አለች። ፕላስቲክ መስላኝ ሳነሳት ከበደችኝ። ብረት ናት። ቀለሟ ተላልጧል፤ አንድ ጎማዋ ወልቋል፤ መስታወቷ ደፍርሷል። በሯ ግን ይከፈታል። በጥፍሬ ከፍቼ ዘጋኋት፤ ደግሜ ከፈትኳት። ጫማውን ትቼ እሷን ይዤ ገባሁ።

እንዴት እንደምትጠገን የማውቀው ነገር አልነበረም። በሳሙና አጠብኳት። የቀረው ቀለሟ አስጠላኝና በምላጭ ስፍቀው ብረቱን አቆሰልኩት። አዲስ ቀለም ስፈልግ ቤት ውስጥ የተገኘው የባለቤቴ የጥፍር ቀለም ነበር፤ ሠርግ ስትጠራ ብቻ የምትቀባው ደማቅ ቀይ። ዕቃዎቿን ለዘመድ ስናከፋፍል ብልቃጡ መሳቢያ ውስጥ ቀርቶ ኖሯል። ክዳኑ ደርቆ አልከፈት ቢለኝ ሙቅ ውሃ ውስጥ ዘፈዘፍኩት። ሲከፈት ሽታው ወጣ። ብሩሹን እንደያዝኩ ትንሽ ቁጭ አልኩ፤ ከዚያ ቀባኋት። ቅቡ አላማረም፤ ሲደርቅ እዚህም እዚያም ተሸበሸበ። ግን ያን እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እስኪመሽ ድረስ ሰዓት አላየሁም። ባለቤቴ ከሞተች ወዲህ እንደዚያ ያለ እሁድ አልነበረኝም።

እየቆየሁ ተማርኩ። የድሮ ቀለም የፍሬን ዘይት ውስጥ ካደረ በራሱ እንደሚለቅ የነገረኝ ጋራዥ ውስጥ እውነተኛ መኪና የሚቀባ ሰው ነው። ብረቱን በብርጭቆ ወረቀት አለሰልሳለሁ፤ የጎደጎደውን በስቱኮ እሞላለሁ፤ ዝገት የሚከላከለውን አንቲረስት እቀባለሁ። ቀለሙ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ ስስ ሆኖ፣ አንዱ ሳይደርቅ ሌላው ሳይደገም። ጥቃቅኑን ነገር በወረንጦ እይዛለሁ። ጎማ ከየት ላምጣ ብዬ ስጨነቅ የመድኃኒት ብልቃጥ የላስቲክ ክዳን ልኩ ሆኖ አገኘሁት። ገበያ ላይ የተሰበረ መኪና ያገኘ ሁሉ ለእኔ ማስቀመጥ ጀመረ።

ወሬውም አልቀረልኝም። አንድ ባልደረባዬ በመስኮት አይቶኝ ኖሮ በማግሥቱ ሻይ ላይ፣ «ጋሼ፣ እሽቅድድም አለ አሉ፤ ማን ቀደመ?» አለኝ።

«ብቻውን የሚሮጥ የሚቀድመው የለም» አልኩት።

ሁሉም ሳቁ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ። ቤት ስገባ ግን የገዛ ተረቴ ተከትሎኝ ገባ። ልጄም በስልክ፣ «አባዬ፣ ሰው ቤት ሂድ እንጂ። ቁጭ ብለህ ቀለም ስታሸት አትዋል» ትለኛለች። እሺ እላታለሁ።

ከሐጂ ጋር የተዋወቅነው ለባለቤቴ ዘመዶች ለቅሶ ሞጣ የሄድኩ ጊዜ ነው። ከለቅሶው ስመለስ የቀለምና የምስማር ሱቅ አየሁና ገባሁ። ባንኮኒው ጀርባ ነጭ ቆብ ያደረጉ ሽማግሌ ተቀምጠዋል።

«ውሃ ሰማያዊ ቀለም ፈልጌ ነበር» አልኳቸው።

«አለ። ስንት ቆርቆሮ?»

«አንድ የሻይ ማንኪያ ይበቃኝ ነበር።»

ቀና ብለው አዩኝ። «ምን ዓይነት ግድግዳ ነው?»

ከኮቴ ኪስ የያዝኳትን መኪና አውጥቼ ባንኮኒው ላይ አስቀመጥኳት። ሐጂ አንስተው ወደ በሩ ብርሃን ወሰዷት፤ ጎማዋን በአውራ ጣታቸው አሽከረከሩት፤ ሆዷን ገልብጠው አዩ። ይስቃሉ ብዬ ስጠብቅ፣ «ጎማው ከምንድን ነው?» አሉኝ። ነገርኳቸው። «ይቀመጡ» አሉና ወደ ጓዳ ገቡ።

ይዘው የወጡት የብስኩት ጣሳ ነበር። ውስጡ በአሮጌ ሻሽ የተጠቀለሉ የብረት መኪኖች አሉ፤ አንድ አምቡላንስ፣ አንድ ቢጫ ገልባጭ፣ ሌሎችም የቤት መኪኖች። ሁሉም የተቦጨቁና የዛጉ ናቸው።

«የታናሹ ልጄ ናቸው» አሉ ሐጂ። «ለሐጅ የሄድኩ ጊዜ ከጅዳ ገዝቼለት መጣሁ። አሁን እሱ ራሱ ጅዳ ገብቶ ቀረ። ወንድሙ ደግሞ ባሕር ዳር ነው፤ ወልዶ ከብዶ። እናታቸውም ሞተች።» ቢጫውን ገልባጭ ነጥለው ሰጡኝ። «ይቺን ከሁሉ ይወድ ነበር። ይዩት፣ ጥርሱ ነው።»

ጣሪያው ላይ ሁለት ትንንሽ ስርጉድ አለ።

«እንደ ጥንቱ ሊያደርጓቸው ይችላሉ?»

«እሞክራለሁ» አልኩ። ዋጋ ሲጠይቁኝ እንደማልቀበል ነገርኳቸው። ውሃ ሰማያዊውን ቀለም በመድኃኒት ብልቃጥ ቀድተው ሰጡኝና፣ ላብራቶሪ እንደምሠራ ነግሬያቸው ስለነበር፣ የጤና ሠራተኛ ሁሉ እንደሚጠራው፣ «በሰላም ይግቡ፣ ዶክተር» ብለው ሸኙኝ።

ጣሳውን ይዤ ብቸና ከገባሁ ብዙም ሳይቆይ መንገዱ ተዘጋ። በእነዚህ ዓመታት በእኛ አገር መንገድ መዘጋቱ አዲስ ነገር አይደለም፤ ሲዘጋም ኔትወርኩ አብሮ ይሄዳል። የልጄን ድምፅ ካልሰማሁ ሰነበትኩ። ከመናኸሪያው ጥሩምባ አይሰማም። ጠዋት ሥራ እገባለሁ፤ በሽተኛው ጥቂት ነው፤ መድኃኒቱም እንደዚያው። ከሰዓት መስኮቱ ሥር ጠረጴዛዬን እስባለሁና ከሐጂ ልጅ መኪኖች ጋር እቀመጣለሁ።

ሥራው አላጣደፈኝም። አምቡላንሱን ነጭ አደረግሁት፤ ቀዩን ምልክት በመርፌ ጫፍ ቀባሁ። አንዱ የቤት መኪና መሪ አልነበረውም፤ ከሽቦ ጠምዝዤ ሠራሁለት፤ ማንም ባያየውም። ስሠራ ስለማላውቀው ልጅ አስባለሁ። አንደኛው መኪና በግራ ጎኑ ብቻ ተፍቋል፤ ግድግዳ ታክኮ ይነዳው ኖሯል ማለት ነው። የአምቡላንሱ የኋላ በር ብዙ ተከፍቶ ተዘግቶ ላልቷል። ማንን ይጭንበት ነበር? ሰው ከጠፋበት ቤት ውስጥ ቁጭ ብዬ የሌላን ሰው ልጅ ልጅነት አወቅሁ ማለት ይቻላል። ቢጫው ገልባጭ ላይ ስደርስ ስቱኮዬን አዘጋጅቼ ነበር። ጥርሱን ሳየው መልሼ ከደንኩት። ቀለሙን ስርጉዱ እንዲታይ አድርጌ አሳስቼ ቀባሁት።

መንገዱ ሲከፈት በመጀመሪያው ሳምንት ሚኒባስ ያዝኩ። ጣሳውን ጭኔ ላይ አድርጌዋለሁ። ደብረ ወርቅን እንዳለፍን ለፍተሻ ወረድን። ፈታሹ ወጣት ነው፤ ክዳኑን ከፍቶ አንዱን ሻሽ ፈታ። አምቡላንሱን መዳፉ ላይ አድርጎ ወደፊት ወደኋላ አንከባለለው፤ ፊቱ ለቅጽበት የሌላ ሰው ሆነ።

«የልጅ ልጅ አለህ?»

«የሰው ናቸው፤ ጠግኜ ልመልስ ነው።»

በጥንቃቄ ጠቅልሎ መለሰልኝ። «ሂድ፣ ሂድ» አለኝ።

ሐጂ ሲያዩኝ ከባንኮኒው ወጥተው አቀፉኝ። በሕይወት መኖሬን እርግጠኛ እንዳልነበሩ ነገሩኝ፤ እኔም ስለ እሳቸው እንዲሁ ነበርኩ። መኪኖቹን አንድ በአንድ ደረደርኩላቸው። ገልባጩን ሲያነሱ ጣታቸው በቀጥታ ጥርሱ ላይ ሄደ። «አልደፈኑትም» አሉ። ስልካቸውን አወጡና ጅዳ ላለው ልጃቸው በምስል ደወሉ።

ልጁ ጎልማሳ ሆኗል፤ ጢሙን አሳድጓል፤ ሥራ ላይ ነበር፤ ከኋላው የማሽን ጩኸት ይሰማል። ሐጂ ስልኩን በመኪኖቹ ላይ በቀስታ አሳለፉት።

«አወቅካቸው?» አሉት።

«ምንድን ናቸው፣ አባ?»

«መኪኖችህ ናቸዋ።»

«የእኔ?» ወደ ስክሪኑ ጠጋ አለ። «የወንድሜ ይሆናሉ።»

«ወንድምህማ ነክቷቸው አያውቅም። ይቺን ይዘህ ነበር የምትተኛው። ነክሰሃት እናትህ ተቆጣችህ።»

«አላስታውስም፣ አባ።» ፈገግ አለ፤ ክፋት አልነበረበትም። «ግን ያምራሉ። ማን ሠራቸው? እየጠሩኝ ነው፣ ማታ እደውላለሁ።»

ምስሉ ጠፋ። ሐጂ ስልኩን ባንኮኒው ላይ በፊቱ ደፉት። 

«ያኔ ትንሽ ነበረ» አሉ።

አዛን ሲሰማ ሱቁን ለእኔ ትተው ወደ መስጊድ ሄዱ። ብቻዬን ከመኪኖቹ ጋር ተቀመጥኩ። አንድ ገበሬ የጣሪያ ምስማር ሊገዛ ገባ፤ ባለቤቱ እስኪመለሱ እንዲጠብቅ ነገርኩት። እሱም መኪኖቹን ሲያይ ቆየና፣ «የማን ናቸው?» አለኝ። «የሐጂ» አልኩት። ያን ጊዜ ትክክለኛው መልስ እሱ መሰለኝ።

ሐጂ ሲመለሱ ፊታቸው ረጋ ብሏል። ለገበሬው ምስማሩን መዝነው ሸኙ፤ ሻይ አስመጡ። ከዚያ፣ «እሱ ረሳ ብዬ እኔ አልረሳም» አሉና መኪኖቹን መስታወት ባለው መደርደሪያ ውስጥ ደረደሯቸው። ለመሄድ ስነሳ ግን እጄን ያዙኝ።

«ዶክተር፣ የእኔን ደግሞ ይሠሩልኛል?»

«የእርስዎ የትኛው ነው?»

«የለም። ኤንትሬ ነበር።»

በወጣትነታቸው ኤንትሬ የሚባለው የድሮ የጭነት መኪና ረዳት እንደነበሩ ያን ዕለት ነገሩኝ። ዓባይ በረሃን ሲወጡ ሲወርዱ ታኮውን ይዘው ከኋላ ይሮጡ ነበር፤ መኪናው ሲቆም ጎማው ሥር እንዲጥሉ። ለልጆቻቸው ይህን ነግረው አያውቁም። ነጋዴ ከሆኑ በኋላ በረዳትነት ዘመናቸው ያፍሩ ነበር።

ሞዴሉ በገበያም ሆነ ሌላ የትም ስለሌለ ከዘይት ቆርቆሮ በመቀስ ቆርጬ ልሠራው ተነሳሁ። መንገዱ በተከፈተ ቁጥር ሞጣ እየሄድኩ እጠይቃቸዋለሁ። ካቢናው ምን ቀለም ነበር? አረንጓዴ። እንደ ባቄላ ወይስ እንደ ጌሾ? ሐጂ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ «እንደ ጌሾ፤ ግን አቧራ እንደጠጣ» ይላሉ። የእንጨቱን የጭነት ሳጥን ማን ቀለም እንደቀባው፣ ሹፌሩ ቁልቁለቱን ሲጀምር ምን ብሎ እንደሚጸልይ፣ እሳቸው ከጭነቱ ላይ ተኝተው ሰማይ ሲያዩ እንዴት ብርድ እንደሚገባቸው፣ ሁሉንም ነገሩኝ። እኔም ለማንም ያላወራሁትን የባለቤቴን የመጨረሻ ሳምንታት አጫወትኳቸው። ሐጂ ሲሰሙ አያቋርጡም። በዚያ ዓመት ሞጣ የሄድኩባቸውን ቀናት ከበዓል እኩል እቆጥራቸዋለሁ።

ኤንትሬውን ስጨርስ ከአንዲት የዋንዛ ስንጥር ታኮ ጠርቤ ጨመርኩበት። ሐጂ መጀመሪያ ያዩት እሷን ነው። ከኋላው ጎማ ሥር አስገቧትና መኪናውን ገፋ አደረጉት፤ አልሄደም። አንገታቸውን ነቀነቁ።

ያን ሰሞን ልጃቸው ወረቀት ጨርሶላቸው ወደ ጅዳ ሄዱ። መጀመሪያ ለዑምራ ነበር፤ ጤናቸውም ሐኪም ፈልጎ ነበርና በዚያው ከልጃቸው ጋር ቀሩ። ሱቁ ተከራየ። ሲሄዱ ይዘው የሄዱት ኤንትሬውን ብቻ ነው። የልጃቸውን መኪኖች ጣሳው ውስጥ አድርገው በሚኒባስ ሹፌር እጅ ላኩልኝ። አሁን የባለቤቴ ፎቶግራፍ ካለበት መደርደሪያ ላይ ናቸው። አቧራቸውን እጠርጋለሁ።

ባለፈው ከጅዳ ደወሉ። ልጃቸው ኤንትሬውን አይቶ ምን እንደሆነ ጠይቋቸው፣ ስለ ዓባይ በረሃ ሲነግሩት እንዳመሹ አጫወቱኝ። ድምፃቸው ወጣት ሆኗል። «‹አባ፣ ይህን ሁሉ የት ደብቀኸው ነበር?› አለኝ» አሉና ሳቁ። ደስ አለኝ፤ ከልቤ ነው። ቀጥለው ስለ ዝናቡ፣ ስለ መንገዱ፣ ስለ ጤፉ ጠየቁኝ። ሁሉንም መለስኩ።

«እርስዎስ፣ ዶክተር? አሁን ከማን ጋር ነው የሚጫወቱት?»

«ሰው አለ፣ ሐጂ» አልኳቸው። «ሰው ሞልቷል።»

«አልሐምዱሊላህ» አሉ።