ለጎርፍ እንጨት የሚሆን ሰንሰለት

የሞተር መጋዝ ሥራ ያስተማረኝ ሰው የለም። መጀመሪያ የገዛሁትን አሮጌ መጋዝ ፈትቼ፣ ገጥሜ፣ እንደገና ፈትቼ ነው የተማርሁት። ስለዚህም አውቃለሁ ማለት እወድ ነበር። መርሳ ገበያ ላይ ሰው አሮጌ የመጋዝ ሰንሰለቱን ከአዲሱ ጋር ምስማር ላይ አንጠልጥሎ ሲለካ ካየሁ እቆጣለሁ። አሮጌው በሥራ ብዛት ስለሚረዝም ያታልላል፤ መቆጠር ያለባቸው ከታች በኩል ሰንሰለቱ በሚዞርበት ብረት ቦይ ውስጥ የሚገቡት ጥርሶች ናቸው። ይህን ማንም ሳይጠይቀኝ እናገር ነበር።

ትልቋ ልጄ ወልድያ የመለዋወጫ ሱቅ ውስጥ ትሠራለች። አንድ ቀን ሰንሰለት ልገዛ ስሄድ ሁለት ዓይነት ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችልኝ። ልካቸው አንድ ነው። የአንደኛው መቁረጫ ጥርስ እንደ መሮ የሾለ ማዕዘን አለው፤ የሁለተኛው ማዕዘን ክብ ነው።

"አባዬ፣ ሹሉ ለንጹሕ እንጨት ነው፣ ለባሕር ዛፍ። አፈር ከነካው ወዲያው ይዶለድማል። ክቡ ቀስ ይላል እንጂ አሸዋም ቶሎ አይበግረውም። ክቡን ይውሰዱ፤ ካልሆነም ሁለቱንም ይያዙ።"

"የሰነፍ ሰንሰለት ነው" አልኋት። "ሹሉን ጠቅልይ።"

"እሺ፣ ሲዶለድም ይደውሉልኛል" ብላ ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም።

በዚያው ዓመት ሚያዝያ ደጋው ላይ ዘነበ። እኛ ቆላዎቹ አንድ ጠብታ ሳናይ ጎርፉ ብቻ ወረደልን፤ ትልቅ የሾላ ግንድም አምጥቶ የመስኖ ቦያችን አፍ ላይ በሁለት ቋጥኞች መካከል ሰነቀረው። ውሃው ቆመ። የዕለቱ የውሃ ተራ በቦዩ ጅራት ላይ የሚኖሩ የአንዲት ባልቴት ነበር። ነገ ውሃ ይደርሰኛል ብለው በዋዜማው የሽንኩርት ችግኛቸውን ነቅለው ማሳው ላይ ተክለው ጨርሰዋል። የዓመት ቀለባቸው እሱ ነው። አዲስ የተተከለ ችግኝ በእኛ ፀሐይ ውሃ ሳይቀምስ የሁለተኛውን ቀን ቀትር አያልፍም።

ተራ የሚያከፋፍሉት ሽማግሌ፣ የውሃ አባት የምንላቸው፣ ጎረምሶቹን መጥረቢያ አስይዘው መጡ። "አሁን ከጀመርን እየተቀያየርን እስከ ነገ ጧት እንጨርሰዋለን" አሉ።

"መጥረቢያውን አስቀምጡ። የአንድ ሰዓት ሥራ ነው" አልሁ። አመኑኝ።

ሰንሰለቱ ልጡን አልፎ አንድ ስንዝር እንደገባ የሚወጣው ፍቅፋቂ ወደ ዱቄት ተለወጠ። ከዚያ ጭስ። የግንዱ ስንጥቅ ሁሉ አሸዋ ጠጥቷል። ሞረድሁ፤ ጥቂት ቆርጦ ዶለደመ። ደግሜ ሞረድሁ።

"ጋሼ፣ ከሰል ሊያወጡበት ነው እንዴ?" አለ አንዱ ጎረምሳ።

"ዝም በል፣ እያጠኑት ነው" አለው ጓደኛው።

ስልኬ ኪሴ ውስጥ ነበር። ልጆቼን፣ የማታውቁትን የሚያውቀውን ጠይቁ እያልሁ ነው ያሳደግኋቸው። እኔ ግን ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ሞረድሁ እንጂ አልደወልሁም። የፈራሁት ሳቋን ነው። መጨረሻ ላይ ስደውልላት ሱቁ ተዘግቶ፣ ጎረምሶቹም መጥረቢያቸውን ይዘው ወደ ቤታቸው ገብተው ነበር። አልሳቀችም፤ "እሺ አባዬ፣ ጧት እልካለሁ" ብቻ አለችኝ። የባሰ ያፈርሁት በዚህ ነው።

በማግስቱ የሚኒባስ ሾፌር በጋዜጣ የተጠቀለለውን ክብ ጥርስ ሰንሰለት አቀበለኝ። ቀስ እያለ፣ ሳያጨስ፣ እኩለ ቀን ላይ ግንዱን ለሁለት ከፈለው። ጎረምሶቹ ጎትተው አወጡት። ውሃው ሲወርድ አብሬው በቦዩ ዳር ወረድሁ።

ችግኙ መሬት ላይ እንደ ክር ተጋድሟል። ጎረቤት በጀሪካን ተሸክሞ ያተረፈው ሁለት ትልም ብቻ ነው። ባልቴቷ ማሳቸው ዳር ተቀምጠዋል። የውሃ አባት ቀድመውኝ ደርሰው ያጽናኗቸዋል፤ "የእግዜር ሥራ ነው፤ ጎርፍን ማን ያቆመዋል?" ይላሉ።

ዝም ብል ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። ዝም ለማለትም ፈልጌ ነበር።

"ጎርፉ አይደለም" አልሁ። "መጥረቢያውን ያስጣልሁ እኔ ነኝ። ደኅናውን ሰንሰለት ልጄ ነግራኝ ናቅሁት። ሲዶለድምብኝም አፍሬ አልደወልሁላትም።"

ባልቴቷ ቀና ብለው አዩኝ። "ታዲያ ይህ መናገርህ ሽንኩርት ይሆናል?"

"አይሆንም፣ እናቴ። የእኔ ችግኝ ገና ከመደቡ አልተነቀለም። ነገ አመጣለሁ።"

"ውሃው ለእኔ ያለው ዛሬ ብቻ ነው።"

ሄጄ ከባለቤቴ ጋር ለተከላ የደረሰውን ችግኝ ሁሉ ነቀልን። ለእኛ የቀረው ገና ያልጠና ቀጫጭኑ ነው። ተመልሼ ከጭቃው ላይ በርከክ ብዬ መትከል ጀመርሁ። ባልቴቷ ከኋላዬ እየተከተሉ ያዩኛል።

"አታጠጋጋው፤ ይተፋፈጋል" አሉኝ።

ሽንኩርት ስተክል ሃያ ዓመት አልፎኛል። ላስረዳቸው አፌን ከፈትሁና ተውሁት።

"ስንት ጣት ላራርቀው?" አልኋቸው።

"አራት።"

በአራት ጣት አራርቄ ተከልሁ።